ሳርኮፔኒያ፦ የጡንቻ መመናመን

ቡና ለቀማ ለክንድም ለጭንም ሥራ ነው። ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጎ ቀዩን መልቀም አለ፤ ከሥሩ የረገፈውን ቁጢጥ ብሎ መሰብሰብም አለ። የቡና አገር በሆነችው ሁሩሙ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከቁጢጥ ሲነሱ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ካልተደገፉ አልሆን ካላቸው፣ ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሕክምናው ግን ለዚህ ድካም ስም አለው፤ ሳርኮፔኒያ።

ስሙን በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጡት አሜሪካዊው የሥነ ምግብ ተመራማሪ ኧርዊን ሮዘንበርግ ናቸው። ሥጋና እጦት ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። «የሥጋ እጦት» ብንለው ግን ልኳንዳ ቤት ባዶ የሆነ ይመስላል። «ክሳት»ም አይበቃውም፤ ወፍራም ሰውም ጡንቻው አልቆ በስብ ተሸፍኖ ሊኖር ይችላልና። «መስለል» ደግሞ ነርቩ የተጎዳ እጅና እግርን ያስታውሳል። የሚሻለው «የጡንቻ መመናመን» ነው። ደን ተመናመነ እንደምንለው፣ ሳይታወቅ ቀስ በቀስ መሳሳትን ያሳያል። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በመዘገበው የያዩ የቡና ደን ክልል ውስጥ ለምትገኘው ሁሩሙ ይህ ቃል ባዳ አይሆንም።

ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ፍጥነቱ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ሰዎች አንዱ ኩንታል ሲያነሣ ሌላው በከዘራ ሊሄድ ይችላል። ልዩነቱን ከሚፈጥሩት መካከል ሥራ፣ በሽታና ምግብ ይገኙበታል።

በምግብ በኩል ያለው ችግር እንዲህ ነው። ያረጀ ጡንቻ ለፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ስለሚደክም፣ ወጣቱ በጥቂቱ የሚገነባውን እርሱ የሚገነባው በብዙ ነው። ስለዚህ ለአረጋውያን በቀን በየኪሎ ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ50 እስከ 60 ግራም ማለት ነው። 300 ግራም የበቆሎ ዱቄት 25 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ የበቆሎ ፕሮቲን ግን ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ይጎድለዋል። ባቄላና አተር ላይሲኑን ስለሚሞሉ የበቆሎ ቂጣ በሽሮ መብላት ብልህነት ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ይጨምራል። ችግሩ፣ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ከብቱን በሚጨርስበት ቆላ ወተት እንደልብ አይገኝም፤ እንቁላሉም ወደ ገበያ ይሄዳል።

ጥርስም አለ። ጥርሱ ያለቀ ሰው ቆሎውን ለልጆች ትቶ በአጥሚትና በቡና ይውላል። ሆዱ ይሞላል፣ ጡንቻው ግን የሚሠራበት አያገኝም። አጥንት ያሳሳል ብለን ቡናውን መውቀስ ይቀናናል፤ እውነቱ ግን አንድ ስኒ ከሰውነት የሚያስወጣው ካልሲየም ኢምንት ነው፤ አንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ይተካዋል።

ስለ አጥንት ሲነሣ በሁሩሙ አካባቢ መጀመሪያ የሚጠራው አንጮቴ ነው። አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ የሚቀቀለው ይህ ሥር፣ ከድንችና ከጎደሬ የበለጠ ካልሲየም አለው። ምስጋናው ይገባዋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አጥንት የሚጠነክረው ጡንቻ ሲጎትተው ነውና ጡንቻው ሲመናመን አጥንቱም ይሳሳል። ካልሲየሙን ከአንጀት ለመቀበል ደግሞ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። ቆዳ በፀሐይ ይሠራዋል፤ ያረጀ ቆዳ ግን የሚሠራው ያንሳል። መገጣጠሚያም ከዚህ አይለይም። የደከመ ጭን ጉልበትን በደንብ አይደግፍም። በዚህ ላይ ውፍረት ካለ፣ አንድ ኪሎ መቀነስ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሣ ተለክቷል።

ሐኪሞች የሚጀምሩት ከጡንቻ ብርታት ምዘና ነው። አረጋዊው መደበኛ ቁመት ባለው ወንበር ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደባቸው መመናመን ይጠረጠራል። በርጩማ ዝቅ ስለሚል ለዚህ አይሆንም። ቤት ውስጥ ሲሞከር ሰው አጠገባቸው ይቁም። ምግቡ ቢስተካከልም ጡንቻ ካልሠራ አይገነባምና፣ ይኸው መነሣትና መቀመጥ በየቀኑ ቢደጋገም ራሱ ሕክምና ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪም ያማክር።