«ውጫዊ ማቀፊያ» ወይስ ቀፎ?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በየዕቃ መሸጫ ማስታወቂያው ላይ መነበብ የጀመረውን «የጠንካራ ሁኔታ አንጻፊ ውጫዊ ማቀፊያ» ያወጣው ግን የትርጉም ማሽን ነው። አምስቱም ቃላት አማርኛ ናቸው። ተሰልፈው ሲቆሙ ግን ዕቃውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው እንኳ ምን እንደሚሸጥ አይገባውም። ማሽን መሳሳቱ ባልከፋ ነበር፤ የሚከፋው ሰውም ተቀብሎ «ማቀፊያ» ማለት መጀመሩ ነው። ሥር ሳይሰድ እንመርምረው።

ዕቃው እንግዳ አይደለም። ላፕቶፕ ሲበላሽ ወይም ዲስኩ በሌላ ሲተካ፣ የወጣው ኤስኤስዲ፣ ማሽኑ «ጠንካራ ሁኔታ አንጻፊ» ያለው ዲስክ፣ አይጣልም። ትንሽ የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ አካል ውስጥ ይገባና በዩኤስቢ ገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር እየተገናኘ እንደ ኤክስተርናል ዲስክ ያገለግላል። ይህ አካል ባዶውን ነው የሚሸጠው፤ ውስጡ የዲስኩን ምልክት ወደ ዩኤስቢ የምትቀይር ትንሽ ሰሌዳ አለች። ጠጋኞችና ነጋዴዎች «ኬዝ» ይሉታል። ኬዝ ግን የስልክ ልባስም ነው፣ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር አካልም ነው፤ ሻጩ «የምኑን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ከ«ጠንካራ ሁኔታ» እንጀምር። የፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍቶቻችን ቁስን ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ብለው ከፍለው አስተምረውናል። «ጠንካራ» ሌላ ነው፤ ጠንካራ ሠራተኛ፣ ጠንካራ ገመድ እንላለን። የእንግሊዝኛው ስም፣ «ሶሊድ ስቴት»፣ ሊል የፈለገው ጠጣርነትን ነው፤ ታሪኩም ከዲስክ ይቀድማል። በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ትራንዚስተር ከመፈጠሩ በፊት፣ ራዲዮ የሚሠራው አየራቸው በተመጠጠ የመስታወት አምፖሎች ነበር። ትራንዚስተር ሲመጣ ኤሌክትሮኖች ኦና አምፖል ውስጥ መብረራቸው ቀርቶ በጠጣር ቁስ ውስጥ መጓዝ ጀመሩ። ስሙ የተወለደው ያኔ ነው። ኋላ የሚሽከረከር ሳህን የሌለው፣ መረጃን በቺፕ የሚይዝ ዲስክ ሲመጣ ስሙን ወረሰ።

ታዲያ «ጠጣር ዲስክ» ብንለውስ? ትርጉሙ ይቃናል፤ ነገር ግን ሃርድ ዲስክም በስሙ ጠንካራ ነውና አንባቢ ሁለቱን ያምታታቸዋል። ኤስኤስዲ፣ ኤስኤስዲ ይባል። ባንክ፣ ፖስታና ፖሊስ ስላልን አማርኛ አልደኸየም። ቋንቋን መጠበቅ የባዕድ ቃል በመጣ ቁጥር በር መዝጋት አይደለም፤ የራስ ቃል ያለቦታው ሲሰነቀርም ዝም አለማለት ነው።

«ውጫዊ» የወደቀው በተሳሳተ ስም ላይ ነው። ከኮምፒውተሩ ውጭ የሆነው ዲስኩ ነው። መያዣማ ከያዘው ነገር ውጭ ያልሆነበት ጊዜ የለም። ቃሉን ብናወጣው የሚጎድል ነገር የለም።

«ማቀፊያ»ን መጣል ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከ«አቀፈ» በወጉ የረባ፣ ሰዋስው የማይነቅፈው ቃል ነው። ችግሩ ቤተሰቡ መብዛቱ ነው፦ ማዕቀፍ የሕግና የፖሊሲ ሆኗል፤ አቃፊ በኮምፒውተር ላይ የፋይሎች መያዣ ሆኗል። «አቃፊውን በማቀፊያው ዲስክ ላይ አስቀምጥ» የሚል መመሪያ ደርሶት የሚሳካለት ካለ ይንገረን። ደግሞም ያቀፈ አይዘጋም። እናት ልጇን ታቅፋለች፣ ዶሮ እንቁላል ትታቀፋለች፤ ይህ ዕቃ ግን ዲስኩን ከአቧራና ከንክኪ ዘግቶ ነው የሚይዘው።

ሌሎችም ተወዳዳሪዎች አሉ። «ማኅደር» ከሁሉም ያምራል። ሥሩ የግእዙ «ኀደረ» ነው፤ ማደሪያ ማለት ነው። የብራና መጻሕፍት ተከተው በትከሻ የሚንጠለጠሉበት የቆዳ መያዣም በዚሁ ስም ይጠራል። ዕውቀት ተሸክሞ የሚዞር ሰው ዕቃ በመሆኑ ለዲስክም የተገባ ይመስላል። ነገር ግን ማኅደር በሥራ ብዛት ደክሟል፦ የሠራተኛ የግል ማኅደር አለ፣ የቤተ መዛግብት ማኅደር አለ፣ በስልኮቻችን ላይ ደግሞ «ማኅደረ ትውስታ» የሚባል አለ። ይኼኛው ከዲስክ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ስለሚውል መቀላቀሉ አይቀርም።

«አፎት»ና «ሰገባ» የሚሉም አሉ። ለጆሮ ግርማ አላቸው። ሆኖም ሰይፍ ሥራ ሲኖርበት ከአፎቱ ይመዘዛል፣ ሲያርፍ ይከተታል። መጽሐፍም ሲነበብ ከማኅደሩ ይወጣል። ኤስኤስዲ ግን ሥራው የሚጀምረው ሲገባ ነው፤ ካወጣኸው ቆመ ማለት ነው። ለዚህ ዕቃ ስም ስንሻ መመዘኛችን ይኸው ነው፦ ባዶውን ይገዛል፣ የሚገባበትም እዚያው ውስጥ ሆኖ ይሠራል።

«ቤት» ይህን መመዘኛ ያልፋል፤ ግን በአማርኛ መድኃኒት ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ሙዚቃ ቤት ካልን በኋላ «ዲስክ ቤት» የሰማ ሰው አድራሻውን ነው የሚጠይቀው።

የሚቀረው፣ የእኔም ምርጫ የሆነው፣ «ቀፎ» ነው። ቀፎ ባዶውን ይሠራል፣ ባዶውን ይሸጣል። ይታጠናል፣ ይሰቀላል፤ መንጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ንቡ የሚሠራው ውስጥ ሆኖ ነው፣ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘውም በቀፎው አፍ ነው። የዲስኩም መውጫና መግቢያ ያቺው አንዲት የዩኤስቢ ቀዳዳ ናት። «ቀፎ ክብ ነው፣ ከጭቃና ከቀርከሃ ነው» ለሚል፣ ግብርናው ባህላዊ፣ የሽግግርና ዘመናዊ ቀፎ ብሎ ሲከፍል ኖሯል፤ ዘመናዊው ባለ አራት ማዕዘን የጣውላ ሣጥን ነው። ቃሉ ከቅርጽም ከቁስም ጋር አልተጋባም።

ከዚህ የሚበልጠው ምስክር ግን የስልክ ቀፎ ነው። የሞባይል ስልክ ሲስፋፋ የትኛውም ጉባኤ ሳይወስን፣ ሰው ሲም ካርዱን ከሚገባበት ዕቃ ለየና ዕቃውን ቀፎ አለው። ዜናውም ማስታወቂያውም ተከተለ። በአንጻሩ ለኮምፒውተር የቀረበው «መቀምር» ከ«ቀመረ» የወጣ፣ ሥሩ የጠራ ቃል ሆኖ ሳለ ከጥቂት ወዳጆቹ አላለፈም። «ድረ ገጽ» የተሳካለት ድርን ሸማኔውም ሸረሪቷም ቀድመው ስላስለመዱን ይመስለኛል። የሚቆየው ቃል ሰው እጁ ላይ ካለው ተነሥቶ አንድ እርምጃ ብቻ የሚራመድ ነው። ከስልክ ቀፎ ወደ ዲስክ ቀፎ ደግሞ እርምጃው አጭር ነው።

ቃሉን በሥራ እንፈትነው። ቀፎ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ሊገባበት ነው የሚለው ነው። ለባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ሳታ በተባለው የመገናኛ ስልት የሚሠራ ቀፎ ይበቃል። ኤም ዶት 2 የተባለችው ቀጭኗ ኤስኤስዲ ከሆነች ቁጥሯ ይነበብ፦ 2280 ማለት ስፋቷ 22፣ ርዝመቷ 80 ሚሊሜትር ነው፤ 2230 ደግሞ ርዝመቷ 30። ቀጥሎ ሳታ ናት ወይስ በሌላው ስልት የምትሠራ፣ ኤንቪኤምኢ? ከሩቅ መንታ ይመስላሉ። ወርቃማው ጫፏ አንድ ቦታ ብቻ ከተሸነቆረ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ናት፤ ሁለት ቦታ ከሆነ ሳታ መሆኗ ያደላል። የመጨረሻው ቃል ግን የተለጠፈባት ጽሑፍ ነው። ለኤንቪኤምኢ ብቻ የተሠራ ቀፎ ሳታዋን አያነብም፤ አርቲኤል 9210ቢ የተባለውን ቺፕ የያዘ ቀፎ ሁለቱንም ይቀበላል።

ፍጥነቱ በሰከንድ 5፣ 10፣ 20 ወይም 40 ጊጋቢት ተብሎ ቀፎው ላይ ይጻፋል። ባለ 20ው የሚሠራበትን ስልት ኮምፒውተሩ ካልደገፈ ወደ 10 ይወርዳልና፣ ለብዙ ሰው ባለ 10ው ያዋጣል። ገመዱም ይታይ፦ ለስልክ ቻርጅ የመጣ የታይፕ ሲ ገመድ ብዙውን ጊዜ ከ480 ሜጋቢት አያልፍም። ኤንቪኤምኢ ሲሠራ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አሉሚኒየም ቀፎ፣ በቺፑና በብረቱ መካከልም ሙቀት የሚያስተላልፍ ለስላሳ ንጣፍ ያለው ይመረጣል።

ይህን ሁሉ «ውጫዊ ማቀፊያ» ሳንል ጨረስን። ስልኩንና ዲስኩን ያምታታል የሚል ስጋት ካለ «የስልክ» እና «የዲስክ» የሚሉት ቃላት ይለዩታል። እንዲያውም ቀፎ ሌላም ጥቅም አለው፤ ባዶውን ከተሞላው ይለያል። ከነዲስኩ ተገጥሞ የሚሸጠው ኤክስተርናል እንደሆነ ይቆይ፤ «ቀፎውን ብቻ ነው ወይስ ከነዲስኩ?» ብሎ የጠየቀ ሻጭ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንግዱን ይጨርሳል።

የትርጉም ማሽን የሚማረው ከተጻፈው ነው። ዛሬ በግድየለሽነት የለጠፍነው ማስታወቂያ ነገ ትክክለኛ አማርኛ ተብሎ ተመልሶ ይመጣብናል። ስለዚህ ማስታወቂያ የምትጽፉ፣ መመሪያ የምትተረጉሙ፣ ስለ ዕቃ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ለጊዜው «የዲስክ ቀፎ (ኬዝ)» ብላችሁ ጻፉ። ቅንፉ ሲለመድ በራሱ ይወድቃል።