እርካብና እንዝርት

የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ላይ ሲያስቀምጡት ጫማ አላደረጉለትም። በጣና ዙሪያና በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ባዶ እግሩን ይታያል፤ እርካቡንም የሚይዘው በአውራ ጣቱ ነው። ሰማዕቱ የሮም ወታደር ነበር፤ ይህ አያያዝ ግን የሮም ሳይሆን የሀገሬው ፈረሰኛ ነው። ሠዓሊው ቅዱሱን ፍለጋ ሩቅ አልሄደም፤ በደጁ የሚያልፈውን ባላገር አየ።

ነገሩ ለእኛ ለአዊዎች ቅርብ ነው። ፈረስ በእርሻ፣ በሠርግና በለቅሶ ከሰው በማይለይበት በዚህ ምድር፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን በእንጅባራ የሚያከብረው ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው። ከሥዕሉ የወረደ ፈረሰኛ ይሁን ወደ ሥዕሉ የወጣ፣ መለየት ያስቸግራል።

እመቤታችንም እንዲሁ ናት። ገብርኤል ሲያበሥራት ብዙ ጊዜ የምትሣለው ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ነው። ታሪኩ ጥንታዊ ነው፤ እንዝርቱን ግን ጥጥ ስትፈትል የኖረች የዳንግላ እናት ማንም ሳያስረዳት ታውቀዋለች። በላዔ ሰብእም 78 ነፍስ አጥፍቶ የዳነው በጥርኝ ውኃ ነው። እርካብ፣ እንዝርት፣ ውኃ፤ ቅድስናን የተሸከሙት እነዚህ ናቸው።

ጥቁሩ አሜሪካዊ ሠዓሊ ሄንሪ ኦሳዋ ታነር፣ የጳጳስ ልጅ፣ በ1894 እ.ኤ.አ. አንድ ጥቁር ሽማግሌና አንድ ልጅ በድሃ ገበታ ፊት ለጸሎት አንገታቸውን ደፍተው ሣለ። መልአክ የለበትም፤ አክሊል የለበትም። ጥቁር ሰው ለመሳቂያ በሚሣልበት አገር ያ ሥዕል ለስድብ የተሰጠ መልስ ነበር። የእኛ ሠዓሊዎች ግን የሚመልሱለት ተሳዳቢ አልነበራቸውም፤ ጎረቤታቸውን ከቅዱሳን ጋር ያስቀመጡት እንደ ልማድ ነው። ታግለን ያላገኘነውን ደግሞ መጠበቅ አንችልበትም።

ዛሬ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ፀጉረ ወርቅማ፣ ዓይነ ሰማያዊ የኅትመት ሥዕል ነው። ወረቀቱን አልንቅም፤ እናቶቻችን በእንባ የተሳለሙት ነው። ነገር ግን የጎደለው የፊት ቀለም ብቻ አይደለም፤ እርካቡና እንዝርቱም ጠፍተዋል። ቅዱሱ እንደ አያቱ ፈረስ ሲጋልብ ያላየ ልጅ፣ ቅድስናን የሩቅ አገር ዕቃ አድርጎ ያድጋል። አሮጌው ግድግዳ ሳይደበዝዝ፣ አዲሱም ወረቀት ሳይሸፍነው፣ ልጆቻችንን ይዘን የጊዮርጊስን እግር እንመልከት።