የንግድ ቦታ ምርጫ በጊዮርጊስ አካባቢ

በአዲስ አበባ የንግድ ቦታ ምርጫ ታሪክ ከአራዳ ገበያ ይጀምራል። በምኒልክ ዘመን በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የነበረው ይህ ገበያ በተለይ ቅዳሜ ይደምቅ ነበር። ቅቤና ማር፣ እህል፣ ጨርቅ፣ በቅሎና ከብት የየራሳቸው መደብ ነበራቸው፤ ገዢውም የሚሻውን ለማግኘት ብዙ አይንከራተትም ነበር። ክፍያው በማርያ ትሬዛ ብር ወይም በአሞሌ ጨው ነበር። ቀረጥ የሚሰበስበውና የነጋዴዎችን ክርክር የሚዳኘው ነጋድራሱ ሲሆን፣ ከታወቁት አንዱ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ናቸው። የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎችም በአካባቢው ሱቅ ከፈቱ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933) ገበያው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ ተዛወረ። የቀድሞው ገበያ አካባቢ ፒያሳ ግን የሱቅ መንደርነቷን ይዛ ቆየች፤ በኋላም በወርቅ ቤቶቿ ታወቀች። በ2016 ለኮሪደር ልማት ሰፊው ክፍሏ ሲፈርስ ብዙ ነጋዴዎች ቦታ ለወጡ።

ኢንተርኔት በ1989 አገር ውስጥ ከገባ ወዲህ ሱቅ በድረ ገጽም ይከፈታል። ድረ ገጹን የሚያኖርበትን የዌብ ሆስቲንግ አገልግሎት የሚመርጥ አነስተኛ ነጋዴ የሚመዝነው ድረ ገጹ ሳይቋረጥ መሥራቱን፣ ፍጥነቱን፣ የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ መኖሩንና ችግር ሲፈጠር የሚደርስለት ባለሙያ መኖሩን ነው። ለውጭ ድርጅት በውጭ ምንዛሪ፣ ለአገር ውስጡ በብር ይከፈላል። የድረ ገጹ አድራሻ የሆነው የዶሜይን ስም በነጋዴው በራሱ ስም ከተመዘገበ፣ አገልግሎት ሰጪውን ቢቀይርም አድራሻው አይለወጥም፤ ደንበኛም አይጠፋበትም።