ከክሪኬት ሜዳ እስከ ፍርድ ቤት

በሰው አገር ስንኖር ከሥራ ባልደረቦቻችን መካከል ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ የሚወዱ የካሪቢያን፣ የህንድ ወይም የፓኪስታን ሰዎች አይጠፉም። ለብዙዎቻችን ጨዋታው እንቆቅልሽ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ በዚያ ጨዋታ እንጀራውን ስለበላ አንድ ጥቁር ስደተኛ ነው። ታሪኩ እኛንም ይነካልና እስከ መጨረሻው ተከተሉኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በክሪኬት ፈጣን ወርዋሪ የሚባለው ከሩቅ ተንደርድሮ መጥቶ፣ ክንዱን ሳያጥፍ፣ ጠጣሯን የቆዳ ኳስ ወደ መቺው የሚለቅ ሰው ነው። ኳሷ መሬት ነጥራ ትሄድና ከመቺው በስተጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ከመታች መቺው ከሜዳ ይወጣል። የወርዋሪ ጉልበት ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ በክንዱ የሚያድር ሰው ክንዱ ሳይደክም ነገውን ማሰብ አለበት።

ሊሪ ኮንስታንታይን በ1901 በትሪኒዳድ ሲወለድ ከባሪያዎች ዘር የመጣ ነበር። አባቱ በካካዎ እርሻ ላይ የሠራተኞች አለቃና ስመ ጥር የክሪኬት ተጫዋች ነበር። ልጁም በሕግ ጠበቆች ቢሮ በጸሐፊነት ተቀጠረ። ይሁን እንጂ በዚያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ለጥቁር ሰው የእድገት በር ጠባብ ነበር። በስፖርቱም ቢሆን የዌስት ኢንዲስ ቡድን መሪነት ለነጮች የተያዘ ነበር። ፍራንክ ዎረል የመጀመሪያው ቋሚ ጥቁር የቡድን መሪ የሆነው በ1960 ነው።

በ1928 ቡድኑ ወደ እንግሊዝ ሲመጣ ኮንስታንታይን በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ ከሚድልሴክስ ጋር ተጋጠመ። መጀመሪያ 86 ነጥብ አስቆጠረ። ቀጥሎ በአንድ ዙር ሰባት መቺዎችን አስወጣ። በመጨረሻም በአንድ ሰዓት ገደማ 103 ነጥብ አክሎ ቡድኑን ለድል አበቃ። ወዲያው በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘው ኔልሰን የተባለች የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ለአንድ የጨዋታ ወቅት 500 ፓውንድ ከፍላ ቀጠረችው።

ኑሮው ግን ቀላል አልነበረም። በከተማው ጥቁር ሰው አይታወቅምና በየመንገዱ ይፈጠጥበት ነበር፤ ስድብ የተሞላ ደብዳቤም ይደርሰው ነበር። ጥሎ ለመሄድ ሲያስብ እንዲጸና ያደረገችው ባለቤቱ ኖርማ ናት። ከ1929 እስከ 1937 በተጫወተባቸው ዘጠኝ ወቅቶች ኔልሰን ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ያገኘውንም ገንዘብ ለምቾቱ ብቻ አላዋለውም። በ1932 ወዳጁን ጸሐፊውን ሲ. ኤል. አር. ጄምስን ቤቱ አስጠግቶ፣ ዌስት ኢንዲስ ራሱን እንዲያስተዳድር የሚጠይቀውን ጽሑፉን እንዲያሳትም ረዳው። እሱም ሕግ መማር ጀመረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ሥራ ሚኒስቴር ባልደረባ ሆኖ የዌስት ኢንዲስ ሠራተኞችን ይንከባከብ ነበር። ሐምሌ 30 ቀን 1943 በሎርድስ ሊጫወት ከባለቤቱና ከልጁ ጋር ለንደን ኢምፔሪያል ሆቴል ደረሰ። ለአራት ሌሊት ተይዞለታል፤ ቀብድ ከፍሏል፤ ቀለሙ ችግር እንደማይሆንም አስቀድሞ ተነግሮታል። ይሁንና አሜሪካውያን እንግዶች ቅር ይላቸዋል በሚል ከአንድ ሌሊት በላይ ማደር እንደማይችል ተነገረው። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያጨበጨበለት ስም ሆቴሉ በር ላይ ምንም አልፈየደለትም።

ኮንስታንታይን በዚያች ሌሊት ጠብ አላነሳም፤ ወደ ሌላ ሆቴል ሄደ። ነገሩን ግን አልተወውም፤ ከሰሰ። ዘረኝነትን የሚከለክል ሕግ በእንግሊዝ ገና አልነበረም። የሆቴል ባለቤት ያለ በቂ ምክንያት መንገደኛን መመለስ አይችልም የሚል ጥንታዊ ሕግ ግን ነበርና በእሱ ተሟገተ። የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባም በቦታው ስለነበር መሰከረለት። ዳኛው በርኬት በሰኔ 1944 ፈረዱለት። ካሳው አምስት ጊኒ፣ ማለትም 5 ፓውንድ ከ5 ሽልንግ ብቻ ነበር።

ገንዘቡ ኢምንት ነው፤ ፍርዱ ግን መንገድ ከፈተ። ኮንስታንታይን በ1954 ጠበቃ ሆነ፤ በአገሩም ሚኒስትር ሆነ። ከ1961 ጀምሮ በለንደን የትሪኒዳድ ከፍተኛ ኮሚሽነር ነበር። በ1963 የብሪስቶል አውቶቡስ ድርጅት ጥቁሮችን አልቀጥርም ሲል በይፋ ተቃወመ። ይህን የገዛ መንግሥቱ አልወደደለትምና በ1964 ሥራውን ለቀቀ። በ1965 እንግሊዝ የመጀመሪያውን የዘር ግንኙነት ሕግ አወጣች፤ እሱም በ1966 ሕጉን የሚያስፈጽመው ቦርድ አባል ሆነ። በ1969 ሎርድ ተብሎ ሲሾም በማዕረጉ ውስጥ የኔልሰንን ስም አስገባ። ያረፈው በ1971 ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ተብለን ያደግን ነን፤ በሰው አገር ስንበደልም ብዙ ጊዜ ውጠን እንተዋለን። ግን ደግሞ አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ባሉበት የሚቆሙ ሰዎች ነበሩ። ኮንስታንታይን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በዳዩን በሕግ አምላክ ብሎ አቆመው። የረዱት የቀብዱ ክፍያና አጠገቡ የነበረው ምስክር ናቸው። እኛም የቤት ኪራይ ወይም ሥራ በቀለማችን ሲከለከል ደረሰኛችንን እንያዝ፤ ምስክራችንን እንጥራ፤ ያለውንም ሕግ እንጠይቅ።