ፓልሚራ በብዙ እጅ
ሶርያዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ባሰል ኻርታቢል እ.ኤ.አ. በ2005 ፓልሚራን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ተድሞር የተባለችውን ጥንታዊት ከተማ፣ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ባለው ምስል በኮምፒውተሩ መልሶ ማነጽ ጀመረ። ለነጻ ኢንተርኔት የሚሟገተውን ይህን ሰው የሶርያ መንግሥት በ2012 አሰረው። በ2015 የአይሲስ ታጣቂዎች የቤልን ቤተ መቅደስ በፈንጂ አፈረሱ፤ በዚያው ዓመት እርሱም በእስር ላይ ሳለ ተገደለ። መርዶው የተሰማው በ2017 ነው። ወዳጆቹ ግን ሥራውን ሰብስበው ማንም እንዲገለብጠው ለሕዝብ ለቅቀውት ነበር። ምስሉ ድንጋዩን አይተካም፤ ሰውየውንማ ከቶ አይመልስም። ሆኖም በብዙዎች እጅ ያለ ቅጂ በአንድ ፈንጂ ወይም በአንድ ትእዛዝ በቀላሉ አይጠፋም። የኢንተርኔት ነጻነት ለእኛ ለታሪክ ተማሪዎች የምንጭ ጥበቃ ጉዳይ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።