ጆሯችን ድምፅን የሚሰማው እንዴት ነው? የመስማት ችግርስ ከየት ይነሳል?

«ጆሮዬን ደፈነኝ» የሚያሰኝ ስሜት በጆሮ ኩክ ሊመጣ ይችላል፤ በውስጠኛው ጆሮ ላይ በደረሰ ድንገተኛ ጉዳትም ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው በማጽዳት ይስተካከላል። ሁለተኛው ግን ሕክምናው ከዘገየ መስማትን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል። ልዩነቱን ለመረዳት ድምፅ የሚያልፍበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል።

የድምፅ መንገድ

ውጫዊ ጆሮ፦ ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ንዝረቱ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ የጆሮ ታምቡርን ይመታል። ታምቡር እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ሽፋን ነው።

መካከለኛ ጆሮ፦ ከታምቡሩ ጀርባ መዶሻ፣ መስፍ እና እርካብ የሚባሉ ሦስት በጣም ትንንሽ አጥንቶች አሉ። ንዝረቱን አጠንክረው ወደ ውስጥ ያስተላልፋሉ።

ውስጣዊ ጆሮ፦ እዚህ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል፣ በፈሳሽ የተሞላ ክፍል አለ። ፈሳሹ ሲናወጥ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ህዋሳት ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ይለውጡታል። መልእክቱን የመስማት ነርቭ ወደ አንጎል ያደርሳል፤ ትርጉም የሚሰጠውም አንጎል ነው።

እነዚህ ህዋሳት በአንድ ጆሮ ውስጥ 15 ሺህ ገደማ ሲሆኑ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይተኩም።

ችግሩ የት ነው?

በውጫዊ ወይም በመካከለኛው ጆሮ ከሆነ (ኩክ፣ መግል፣ የተቀደደ ታምቡር) ድምፅ መንገዱ ተዘግቶበታል ማለት ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በጽዳት፣ በመድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና ይሻሻላል።

በውስጣዊው ጆሮ ወይም በነርቭ ከሆነ መንስኤው ዕድሜ፣ ከፍተኛ ጩኸት፣ ማጅራት ገትር ወይም እንደ ጀንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶች ሊሆን ይችላል። በዕድሜ የሚመጣው አስቀድሞ የሚጎዳው ቀጭን ድምፆችን ነው። ስለዚህ አረጋውያን «ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ይላሉ። ከመጮህ ይልቅ ፊት ለፊት ሆኖ ቀስ ብሎ መናገር ይረዳቸዋል። የመስሚያ መሣሪያም ይጠቅማል።

ሐኪሙ የሚርገበገብ ሹካ መሰል ብረት ግንባርዎ ላይ የሚያስቀምጠው ሁለቱን ለመለየት ነው። አንድ ጆሮ ብቻ ከታመመ፣ ድምፁ በታመመው ጆሮ ጎልቶ ሲሰማ የመንገድ መዘጋትን፣ በጤነኛው ጎልቶ ሲሰማ ደግሞ የውስጣዊ ጆሮ ወይም የነርቭ ችግርን ያመለክታል።

ጆሮዎን ለመጠበቅ

• ክብሪት፣ ጥጥ ወይም ሌላ ነገር ጆሮ ውስጥ አይክተቱ፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ታምቡርም ሊቀድ ይችላል።
• መግል ለሚወጣው ጆሮ ዘይት ወይም የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ አይጨምሩ።
• ከ85 ዴሲቤል በላይ ጩኸት ባለበት ቦታ ለረጅም ሰዓት ከሠሩ የጆሮ መከላከያ ይጠቀሙ።

ወደ ሐኪም መቼ ይሂዱ?

በዕለቱ፦ የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ከቀነሰ፣ በተለይ ጩኸት ወይም ማዞር ካለው። «ኩክ ይሆናል» ብለው አይጠብቁ። መድኃኒቱ የተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ፊት ከተጣመመ ወይም ከጆሮ ጀርባ ካበጠም እንዲሁ።

በቅርብ ቀናት፦ ከጆሮ መግል ከወጣ፣ ወይም ሕፃን ለድምፅ ምላሽ ካልሰጠ ወይም አፍ መፍታት ከዘገየ። ልጅ ንግግር የሚማረው በመስማት ነውና ምርመራውን «ሲያድግ ይተወዋል» ብለው አያቆዩ።