ስም፣ ሥራ፣ አድራሻ፦ የድሮ የከተማ ማውጫዎችና የቤተሰብ ታሪክ

ዘር መቁጠር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሊት የእገሌ የልጅ ልጅ እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። ይሁን እንጂ ይህ ቆጠራ ማን ከማን እንደተወለደ ይናገር እንደሆነ እንጂ፣ ሰውየው በየትኛው ሰፈር እንደኖረ፣ በምን ሥራ ይተዳደር እንደነበረ፣ ቤቱን መቼ ለቆ ወዴት እንደሄደ አብዛኛውን ጊዜ አይነግረንም። ከተሜው ማወቅ የሚሻው ደግሞ ይህንኑ ነው። ለመሆኑ አያት ከአገር ቤት ወጥቶ ከተማ ከገባ በኋላ ያለው ታሪክ የት ይገኛል?

አንዱ መልስ ማንም ከቁም ነገር በማይቆጥረው መጽሐፍ ውስጥ ነው። የከተማ ማውጫ ይባላል። ነጋዴው ደንበኛውን፣ ፖስተኛው ባለደብዳቤውን እንዲያገኝ ተብሎ የሚታተም፣ አዲሱ ሲወጣ አሮጌው የሚጣል የስም፣ የሥራና የአድራሻ ዝርዝር ነው። ለታሪክ ተብሎ የተጻፈ አንድም ቃል የለበትም። ማንንም ለማወደስ ወይም ለመውቀስ አለመጻፉ ግን ለታሪክ ፈላጊ ተፈላጊ ምስክር ያደርገዋል።

የዚህን መጽሐፍ ዋጋ ከአየርላንድ ዋና ከተማ ከደብሊን የበለጠ የተረዳ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤቶች ግቢ የነበረው የአገሪቱ መዝገብ ቤት በፍንዳታና በእሳት ጋየ። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የተከማቸው ሰነድ አብዛኛው ወደመ። ከ1821 እስከ 1851 በየአሥር ዓመቱ የተደረጉት አራት የሕዝብ ቆጠራዎችም መዝገባቸው ከጥቂት ቅሪት በስተቀር አመድ ሆነ። ከ1861 እስከ 1891 የተደረጉትን አራቱን ደግሞ እሳት አልደረሰባቸውም፤ መንግሥት ራሱ ቀደም ብሎ አስወግዷቸው ነበር። በዚህም የተነሣ ለመላው አገር ሙሉ ሆኖ የተረፈው የመጀመሪያው ቆጠራ የ1901ዱ ነው።

እንግዲህ ቅድመ አያቱን በ1870ዎቹ ውስጥ የሚፈልግ ደብሊናዊ ወዴት ይሂድ? አሌክሳንደር ቶም የተባለው አሳታሚ ከ1844 ጀምሮ ያወጣው የነበረ ማውጫ አለለት። የመንግሥት መዝገብ አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበረው በአንድ ቀን ጠፋ። የቶም ማውጫ ግን በየሱቁ፣ በየቢሮውና በየቤተ መጻሕፍቱ ተበትኖ ስለነበረ ተረፈ። ታላቁ ደራሲ ጄምስ ጆይስ ከአገሩ ርቆ «ዩሊሲስ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲጽፍ፣ የ1904ቷን ደብሊን ቤት በቤት መልሶ የገነባው በዚሁ ማውጫ እየታገዘ ነበር። ባለታሪኩን ሊዎፖልድ ብሉምን ያኖረበት የኤክልስ መንገድ ቁጥር 7 በማውጫው ላይ «ባዶ ቤት» ተብሎ የተመዘገበ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማውጫው ሦስት በሮች አሉት፤ በሰው ስም፣ በመንገድ ስምና በሥራ ዓይነት መግባት ይቻላል። የአንድ ዓመቱ መጽሐፍ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የአሥር ዓመቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ግን መናገር ይጀምራል። ጫማ ሠሪ የነበረው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ባለ ጫማ መደብር ሆኖ ይገኛል። በአንድ ቤት ቁጥር ላይ የባል ስም ጠፍቶ የሚስት ስም ሲተካ፣ ሞቱ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል መሆኑ ይገመታልና የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ የት ዓመት ላይ መክፈት እንደሚገባ ይታወቃል። ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ዝርዝሩ የሚሰበሰበው ከኅትመቱ በፊት ስለሆነ፣ የ1904 ማውጫ በአብዛኛው የሚያሳየው የ1903ን ከተማ ነው። ስም ከማውጫ መጥፋቱም የግድ ሞት አይደለም፤ ቤት መልቀቅ፣ መክሰር ወይም ከዘመድ መጠጋትም ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ግን ማን አልተጻፈም የሚለው ነው። በደብሊን ሄንሪዬታ በተባለው መንገድ በ1911 ቆጠራ በ15 ቤቶች ውስጥ 835 ሰዎች ይኖሩ ነበር። እንዲህ ባሉት የድሃ ማደሪያዎች ላይ ማውጫው የነዋሪውን ስም መዘርዘር ትቶ «የክራይ ክፍሎች» በሚል ቃል ያልፋቸዋል። ገረዷ፣ የቀን ሠራተኛውና ደባሉ የሉበትም። ማውጫ የሚያውቀው ደብዳቤ የሚጻፍለትንና ዕቃ የሚሸጥለትን ሰው ነው።

ይህ ሁሉ እኛን ምን ያገባናል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባናል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚፈልግ ሰው እንደ ደብሊኖች የተራረፈውን ከመለቃቀም ሌላ ምርጫ የለውም። አድሪያን ዜርቮስ የተባለው ግሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1936 በእስክንድርያ ያሳተመው በፈረንሳይኛ የተጻፈ ትልቅ መጽሐፍ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በአገራችን ይኖሩ የነበሩትን የውጭ አገር ሰዎችና ሥራቸውን ይዘረዝራል። ለአገሬው ሰው ደግሞ የቀረበው ምንጭ አሮጌው የስልክ ማውጫ ነው።

በእኛ ማውጫ ውስጥ ግን የፈረንጆቹ መንገድ እንዳለ አይሠራም። እኛ የምንጠራው በራሳችንና በአባታችን ስም ነው። ስለዚህ የአንድ አባት ልጆች የሆኑት አበበና ዘውዴ በመጽሐፉ ውስጥ ተራርቀው ይቀመጣሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ይሁንና በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ስለዚህ ፈላጊው ሁለተኛውን ስም እየተከተለ ገጽ በገጽ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። ሁለት ስሞች በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሲገኙ ደግሞ ዝምድና ወይም የሥራ ጉርብትና አለ ማለት ሊሆን ይችላልና ልብ ይሏል።

ድካሙን የሚክስ አንድ በረከትም አለ። የደብሊኗ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ትታ በባሏ ስም ውስጥ ትሰወራለች። የእኛዋ ወይዘሮ ግን አግብታም፣ ባሏ ሞቶም፣ የአባቷ ልጅ እንደሆነች ትቀጥላለች። ስልክ በስሟ ያስገባች እንደሆነ እስከ አባቷ የሚያደርስ ፈለግ በመጽሐፉ ላይ ጥላለች ማለት ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ ብዙ ሰው ከቤት ቤት፣ ከሰፈር ሰፈር ተዛውሯል። ከዚያ በፊትና በኋላ የወጡትን ማውጫዎች ማነጻጸር ማን የት እንደነበረና የት እንደደረሰ ለመገመት ይረዳል።

በደብሊን እንደታየው ማውጫ ያላቸውን እንጂ የሌላቸውን አይመዘግብም። በአዲስ አበባም ስልክ የነበረው ጥቂት ሰው ነበር። ደጃች ውቤ ሰፈር ጉልት ዘርግታ የኖረችው ሴት ወይም ሠራተኛ ሰፈር በእጁ ሙያ ያደረው ሰው በዚህ መጽሐፍ ላይ ላይገኙ ይችላሉ። የእነርሱ ማውጫ የዕድር መዝገብና የጎረቤት ትዝታ ነው። ስለዚህ አሮጌ ማውጫ ያለው ሰው ለቆሎ መጠቅለያ ከመሸጡ በፊት ከአንድ አዛውንት ፊት ዘርግቶ ስሞቹን አንድ በአንድ ያንብብላቸው። ያልተጻፉት ጎረቤቶች የሚታወሱት የተጻፉት ሲጠሩ ነው። መጽሐፉ ሌላ ቅጂ ሊኖረው ይችላል፤ አዛውንቱ ግን ሁለተኛ ቅጂ የላቸውም።